ወደ ሐይቁ ዙሩ

ጀልባዋ ከባሕር ዳር ተነሥታ አፍንጫዋን ወደ ሰሜን ስታዞር ሉባባ ገና አልተቀመጠችም። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በሽንኩርት ጆንያና በሲሚንቶ ከረጢት መካከል ቦታ ቦታቸውን ይዘው ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። እሷ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ትመላለሳለች። ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ውስጡን ታያለች፣ ትዘጋለች። ውስጡ ያለው የታጠፈ ነጭ የልምምድ ልብስና አንድ ቀይ ቀበቶ ነው። ሁለቱም ሚስጥር የምትባለው የተማሪዋ ናቸው። ከቤት ስትወጣ አይታቸዋለች፣ ባጃጅ ውስጥ አይታቸዋለች፣ ወደቡ ላይም አይታቸዋለች። ካሉበት አልተነቃነቁም።

«አንች ልጅ፣ ተቀመጭ እንጅ» አላት ጀልባ ነጂው ገድሉ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ።

«እቀመጣለሁ» አለች፤ አልተቀመጠችም።

«የጣና ነፋስ የሚነሣ ከቀትር በኋላ ነው። አንች ከወዲሁ ተነሣሽብኝ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም ለይሉኝታ ፈገግ አለችና ወደ ኋላ መመላለሷን ቀጠለች።

ጊዜው የካቲት 2016 ዓ.ም.፣ የነነዌ ጾም ሁለተኛ ቀን ነበር። በዚያ ዓመት ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። ኢንተርኔት የለም፤ ወረታ ያለ ዘመድ በሕይወት መኖሩ የሚታወቀው ከመንገደኛ አፍ ነው። በደጉ ጊዜ ጎብኚ ይንሸራሸርበት የነበረው ሐይቅ እንደ ጥንቱ የነጋዴና የካህን መንገድ ሆነ። አስፋልቱ የሚኮራውን ያህል ኮርቶ ሲያበቃ ጣና እንደገና ሥራ አገኘ ማለት ነው። ሉባባም የነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ዓብደላ፣ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ የፎገራን ሩዝ ያከፋፍላል። እሷ ግን በዚያ ጠዋት ወደ ጎርጎራ የምትሻገረው ለሩዝ አልነበረም።

ጎርጎራ ላይ ማስተር አምሐ ይጠብቃሉ። በቴኳንዶ ከጥቁር ቀበቶ በላይ ያለውን የማዕረግ መሰላል ሰባት እርከን የወጡ፣ ስማቸው ሲነሣ ተማሪ ሁሉ ሳያውቀው ወገቡን የሚያቃናላቸው ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጎንደር ገብተው፣ የባሕር ዳር ልጅም በጀልባ ይድረስ ብለው ፈተናውን ጎርጎራ ሐይቁ ዳር አደረጉት። ከባሕር ዳር የምትፈተነው ሚስጥር ብቻ ናት። ካለፈች ጥቁር ቀበቶ ታስራለች። የሉባባ ጉዳይም ከዚያው ጋር ተቋጥሯል። በማስተር አምሐ ዘንድ ሳቦም፣ ማለትም ሙሉ መምህር፣ የሚባለው ለጥቁር ቀበቶ ያበቃው ተማሪ ያለው ሰው ብቻ ነው። ባሕር ዳር የምታስተምራቸው ልጆች ሉባባን ሳቦም እያሉ ከጠሯት ዓመት አልፏል፤ በጠሯት ቁጥር ጆሮዋን ይሞቃታል፤ ማዕረጉ ገና የሷ አይደለም።

ነገሩ ለክብር ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልተቁነጠነጠች። ከክፍለ ከተማው አንድ ሰው መጥቶ፣ ባለማዕረግ መምህር ከሌላቸው ከመጋቢት ጀምሮ ሐይቁ ዳር መሰብሰብ እንደማይችሉ በትሕትና ነግሯታል። ያን ሁሉ ልጅ በዚያ የጭንቅ ዓመት ከቤቱ አውጥቶ የሚያስፈነድቀው ያ የልምምድ ሣር ብቻ ነበር። ሉባባ ይህን ስታስብ እግሯ ይነሣል። እግሯ ከተነሣ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

አስቀድሞ እንዲህ አልነበረም። መምህሯ ሳቦም ኃይለ ገብርኤል በባሕር ዳሩ ግሽ አባይ ሰፈር በቆርቆሮ አዳራሽ ሲያስተምሩ ፊትና ኋላ አላነጋገረም፤ ፊት ማለት ባንዲራው የተሰቀለበት ግድግዳ ነው። ከዚያ አዳራሹ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ማረፊያ ሆነ። ሳቦም ኃይለ ገብርኤልም ጉልበታቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ ሄደው መመለሻ አጡ። «እስክመጣ ልጆቹን ያዥልኝ» አሏት በስልክ። ያዘች። ሐይቁ ዳር ሣሩ ላይ ወሰደቻቸው።

ግድግዳ በሌለበት ግን ልጆቹ መላ ቅጡ ጠፋቸው። ፊታቸው ቆማ ግራ እጇን ስታነሣ ቀኛቸውን ያነሣሉ፤ ዙሩ ስትል ግማሹ ከግማሹ ጋር ይጋጫል። አንድ ቀን ብሽቅ ብላ «በቃ፣ ወደ ዋርካው ዙሩ» አለቻቸው። ሁሉም እንደ አንድ ሰው ዞሩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር ተረሳ። ፊት ሐይቁ ሆነ፤ ኋላ ከተማው፤ ግራ ዋርካው፤ ቀኝ የዓባይ ድልድይ። ልጆቹ በፈጠነ እግር ይማሩ ጀመር። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ያደንቃል፤ ሉባባም በዘዴዋ ኮራች፤ መኩራት ሲያንሳት ነው።

ሚስጥር ጆንያ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ረጅምና ቀጭን፤ ጾመኛ ስለሆነች ከተነሡ ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም። ሉባባም ለእሷ ስትል ከቤት ያስቋጠሯትን ዳቦ አልነካችም። አጠገባቸው የሚስጥር አባት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ሐይቁን ያያሉ። የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ካህናቱ በማሕሌት ጊዜ በከበሮና በጽናጽል እንዴት እንደሚቆሙ፣ እንዴት እንደሚያሸበሽቡ የሚያስተምሩ።

«ልጄ ሉባባ፣» አሉ፣ «በነነዌ ጾም ጀልባ መሳፈር ደግ ነው ትያለሽ? የዮናስን ነገር የሰማ ሰው እኮ በእግሩ ይሄዳል።»

«የኔታ፣ እሱ የተጣለ ከተላከበት ሲሸሽ ነው። እኛ ወደተጠራንበት ነው የምንሄድ።»

«እናንተም ታውቁታላችሁ እንዴ?»

«ዩኑስ ነው የምንለው።»

«እንግዲህ ዓሣው ሁለታችንንም ያውቀናል ማለት ነው» አሉና መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

እኒህ ሰው መጀመሪያ ላይ ልጃቸው ከልምምድ በፊት ለመምህሯ ጎንበስ ስትል አይተው ከፍቷቸው ነበር፤ ስግደት መሰላቸው። ሉባባ ቤታቸው ድረስ ሄዳ «የኔታ፣ እኔ ከአላህ በቀር ለማንም የምሰግድ ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጥቂት አሰቡ። «አይመስለኝም» አሉ። «እኔም» አለች ሉባባ «ለመምህሬ ጎንበስ እላለሁ። ሰላምታ ነው።» በዚያው ነገሩ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እንዲያውም ልምምዱን እየመጡ ያያሉ፤ አንድ ቅሬታ ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ለምን በኮሪያኛ ፈንታ በግእዝ አትቆጥሩም ይላሉ።

ደቅ ደሴትን ወደ ኋላ ሲተዉ ሉባባ መታገሥ አቃታት።

«ሚስጥር፣ ተነሽ። ሰውነትሽ ይተሳሰራል። ቹንግ ሙን በዝግታ አሳይኝ፤ ሳትዘይ።»

ቹንግ ሙ ለጥቁር ቀበቶ የሚጠየቀው የእንቅስቃሴ ሰንሰለት ነው። ተማሪው ብቻውን ቆሞ ከማይታዩ ጠላቶች ጋር በአራቱም ማዕዘን ይዋጋል። ስሙ የጥንት የኮሪያ የባሕር ጦር አለቃ የክብር ስም ነው። ሰንሰለቱ የሚያልቀው በግራ እጅ ምት ነው፤ ያ ጀግና ያለውን ኃይል ሁሉ ሳያሳይ መሞቱን ለማሰብ ነው ይላሉ መምህራኑ። ሌላም ጥብቅ ነገር አለው፤ ከተነሡበት ቦታ ላይ መጨረስ ያስፈልጋል። ዕዳ የሌለበት ሰው ብቻ ነው ወደተነሣበት የሚመለስ፣ ይሉ ነበር ሳቦም ኃይለ ገብርኤል።

መሪጌታ ይህ ሲነገራቸው «የባሕር ጦር አለቃ ከሆነማ ምን ይቸግራታል፤ ባሕር ላይ ነን» አሉ።

ገድሉ ሞተሩን ቀነስ አደረገላት። ሚስጥር ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ ቀና አለች፤ ጀመረች። እጇ ሲከላከል፣ እግሯ ሲዘረጋ፣ ትንፋሿ ከምቷ ጋር ሲወጣ ሉባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻንጣ ላይ አረፍ አለች። ደስ ይላል። ያስተማሩት ነገር በሌላ ሰው ሰውነት ውስጥ ሲንቀሳቀስ ማየትን የመሰለ ነገር የለም። በዚህ መካከል ገድሉ የዓሣ መረብ ለመሸሽ ጀልባዋን ዘወር አደረጋት። ሚስጥር ደግሞ በራሷ ላይ ሙሉ ዙር የምትሽከረከርበት ቦታ ላይ ደርሳ ነበር። ተሽከረከረች። አረፈች። ጉልበቷ እንደታጠፈ፣ እጇ እንደተነሣ ቀጥ አለች።

ወደ ግራ አየች። ወደ ቀኝ አየች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሉባባ።

«ሳቦም… ሐይቁ በየት በኩል ነው?»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ «ጎንበስ ብትይ ታገኝዋለሽ» አለቻት። መሪጌታ ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ። ሚስጥር ራሷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሉባባ አልሳቀችም።

ልጅቱ ቀልድ አልተናገረችም። ሐይቅ ፊት ነው ተብላ ተምራለች፤ አሁን ሐይቅ በአራቱም በኩል ነው። ዋርካ የለም፤ ድልድይ የለም። ጎርጎራ ደግሞ በሰሜን ዳር ናት፤ እዚያ ጣና የሚገኘው በደቡብ ነው። ፈታኞቹ ሐይቁን ከጀርባቸው አድርገው ከተቀመጡ ሚስጥር ፊቷን ወደ ሐይቁ ሰጥታ እንደ ቤቷ ትሠራለች። ሐይቁ ፊታቸው እንዲሆን ከተቀመጡ ግን ያስተማረቻት ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይገለበጣል።

ሉባባ ተነሣች። «በይ እርሽው ሐይቁን። ግራሽ ይኸ ነው። ቀኝሽ ይኸ ነው። ፊትሽ እኔ ያለሁበት ነው። ከመጀመሪያው።»

ሚስጥር ጀመረች፤ ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ተሳሳተች። እንደገና ጀመረች፤ ሁለተኛው ላይ ተሳሳተች። ባስተካከለች ቁጥር ሌላ ቦታ ይፈርሳል። ሳታስብ የምትሠራውን ነገር ማሰብ ስትጀምር እግሯ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ፊቷ ላይ ላብ ወጣ፤ ከንፈሯ በጥም ነጥቷል። መሪጌታ መሳቃቸውን ካቆሙ ቆይተዋል።

«ተያት» አሉ በመጨረሻ። «ትረፍ።»

«የኔታ፣ እናንተ ፊታችሁን በምን ታውቃላችሁ? ስታሸበሽቡ ማለቴ ነው።»

ጥያቄው ደስ አላቸው። «እኛማ ሐይቅም ተራራም አናይ። ግራና ቀኝ ተሰልፈን ፊት ለፊት እንተያያለን። ጓደኛየ ዘንበል ሲል ዘንበል እላለሁ፤ መቋሚያውን ሲያነሣ አነሣለሁ። ፊቴ ሰው ነው። በየትኛውም ደብር ብታቆሚኝ ከፊቴ ሰው ካለ አልጠፋም።» ቀጥለውም «ግን ይኸ ለእናንተ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም» አሉ።

አልሆነም። ቢያንስ ለዚያ ቀን አልሆነም፤ ዓመት ሙሉ የተተከለ ነገር በሁለት ሰዓት ውኃ ላይ አይነቀልም። ሉባባ የቀረውን መንገድ ጀልባዋ ፊት ቆማ ጨረሰች። ጎርጎራ ከጭጋጉ ስትወጣ ዓይኗ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ጠረጴዛ።

ጠረጴዛው የሾላ ጥላ ሥር ነበር። ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ሦስት ወንበር ከኋላው ተደርድሯል፤ ሦስቱም ፊታቸውን ለሐይቁ ሰጥተዋል። ማንም ቢሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጣና እያለለት ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ተፈታኞቹ የሚቆሙበት ሣር በጠረጴዛውና በውኃው መካከል ነው። ሚስጥር ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ትቆማለች ማለት ነው።

የጎንደርና የእንፍራንዝ ልጆች ነጭ ለብሰው ተሰልፈዋል። ማስተር አምሐ ጥቁር ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰው መካከለኛው ወንበር ላይ አሉ፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ። ሉባባ ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች።

«ረዳት መምህር ሉባባ ዓብደላ፣ ከባሕር ዳር።»

«መንገድ እንዴት ነበር?»

«ደኅና ነበር፣ ማስተር።»

«ኃይለ ገብርኤል ስላንቺ ብዙ ነግሮኛል» አሉ። «ልጅቷን አልብሺያት። እሷን መጨረሻ ላይ አያታለሁ፤ ከዚያ ያንቺን ጉዳይ እንጨርሳለን።»

ያንቺን ጉዳይ። ሉባባ ሣሩን ዳር ዳሩን ትዞረው ጀመር። የጎንደሮቹ አሰልጣኝ «እኅቴ፣ ሰው ጠፍቶብሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። የእንፍራንዙ ልጅ ሣንቃ ሰብሮ ተጨበጨበለት፤ አላየችውም። በልቧ የምታሰላው ሌላ ነው። ዝም ብትልስ? ሚስጥር ልትሳሳት ትችላለች፤ ላትሳሳትም ትችላለች። ብትሳሳት ጾመኛ ናት፣ ጀልባ አድክሟታል ይባላል፤ ማንም ያምናል፤ ማስተር አዝነው ሌላ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ሉባባን አንድ ነጥብ ጥላሸት አይነካትም። የሚቀባው ልጅቱን ነው፤ በሰው ፊት ተንገዳግዳ የወደቀችው ሚስጥር ትሆናለች፤ ለምን እንደወደቀች እንኳ በቅጡ ሳታውቅ።

ሚስጥር ልብሷን ለብሳ መጣች። ቀይ ቀበቶዋን ሁለቴ አጥብቃዋለች።

«ሳቦም፣ ጀርባየ ለሐይቁ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ግድ የለም፣ እሞክራለሁ።»

«ሞክረሽ አይተናል» አለች ሉባባ። የልጅቱን አንገትጌ አስተካከለችላት፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። ከዚያ ዞራ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«ማስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠረጴዛው ወደ ውኃው ዳር ቢዛወርልን።»

«ለምን?»

ውሸቶቹ በምላሷ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ነፋሱ፣ ብርሃኑ፣ የሣሩ ተዳፋትነት። እያንዳንዱ ያስኬዳል።

«ስሕተት አስተምሬያታለሁ» አለች። «አዳራሽ ስናጣ ፊት ማለት ሐይቁ ነው ብየ ነው ያስተማርኋት። ሁሉንም እንዲያ ነው ያስተማርኋቸው። ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ብትሠራ ትጠፋለች። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጅ የእሷ አይደለም።»

በቀኝ የተቀመጠው ፈታኝ ሳቁን በሳል ደበቀ። «ጠላት በየብስ ከመጣስ?» አለ።

«ትሸነፋለች» አለች ሉባባ።

ማስተር አምሐ አልሳቁም። «ይህን የምትነግሪኝ ማዕረግሽን ልሰጥሽ በመጣሁበት ቀን መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ማስተር።»

ከእግሯ እስከ ራሷ አዩአት። ሉባባ እግሯ ለመመላለስ ሲቅበጠበጥ ይሰማት ጀመር፤ ራሷን ገዝታ ቆመች። ሽማግሌው ተነሡ። ነጩን ጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ያዙና የጠረጴዛውን አንድ ጫፍ አነሡ።

«ያንን ጫፍ ያዢ» አሏት።

ጠረጴዛውን ሁለቱ ተሸክመው ሣሩን አቋረጡ። ከሾላው ጥላ ወጥተው የጎርጎራ ፀሐይ ላይ፣ ውኃው አፋፍ አስቀመጡት። ሁለቱ ፈታኞች እያጉረመረሙ ሦስቱን ወንበር ተሸክመው ተከተሉ። ማስተር አምሐ ኮታቸውን አላወለቁም፤ ጀርባቸውን ለጣና ሰጥተው ተቀመጡ። «ልጅቷን ጥሪያት» አሉ።

ሚስጥር ቆመች። ከሽማግሌው ትከሻ በላይ ሐይቁ ተዘርግቶ ነበር። ፊቷ ሲፈታ ሉባባ ከዳር ሆና አየች።

የተሠራውን እዚህ ዘርዝሮ መተረክ አያስፈልግም፤ እግርና እጅ በወረቀት ላይ ያምራሉ ማለት ዘበት ነው። ልጅቱ ዘላ በአየር ላይ እግሯን ወደ ውኃው ስትዘረጋ የጎንደሮቹ አሰልጣኝ «ወይ ጉድ» ማለቱ፣ ተሽከርክራ ስታርፍ ለአንዲት ቅጽበትም አለማመንታቷ ይበቃል። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ከዛፉ ሥር ሳይታወቃቸው በመቋሚያቸው መሬቱን ይመታሉ፤ ምታቸው ከልጃቸው እርምጃ ጋር ይገጥማል። የመጨረሻው የግራ እጅ ምት ወጣ። የሚስጥር እግር ከተነሣችበት ከተረገጠው ሣር ላይ ነበር። ሉባባ የሞተውን የባሕር ጦር አለቃ አሰበች። ያለውን ሁሉ ሳያሳይ፣ አለች በልቧ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላፈረችበትም።

ማስተር አምሐ በመሐረብ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«አንድ ጥያቄ ይቀርሻል» አሏት ሚስጥርን። «አምስቱን መመሪያዎች ጥሪልኝ።»

«ጨዋነት፣ ታማኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ።»

«ታማኝነት ምንድን ነው?»

ሚስጥር በቃሏ የያዘችውን ጀመረች። «ታማኝነት ማለት ልክና ስሕተትን መለየት፣ ሲሳሳቱም…» አቆመች። ሁሉም የረሳችው መሰላቸው። ልጅቱ ሉባባን አየት አድርጋ ወደ ማስተር ተመለሰች።

«ማስተር፣» አለች፣ «አሁን እርስዎን ፀሐይ ላይ ያስቀመጠዎት ነው።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው እንደ ደረቅ ሳል አጭር ነበር። ጥቁሩን ቀበቶ ከሳጥኑ አውጥተው ቀዩን ፈትታ እስክታጥፍ ጠበቋት፤ በገዛ እጃቸው አሰሩላት። መሪጌታ እልል አይሉ ነገር ወንድ ናቸው፣ ዝም አይሉ ነገር አባት ናቸው፤ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ብለው ሁለቱንም ተወጡት።

ሉባባ ተራዋን ጠበቀች። ማስተር አምሐ ወንበራቸውን ወደ ጥላው አስመልሰው አስጠሯት።

«ማዕረጉን ዛሬ አልሰጥሽም።»

ታውቀው ነበር። ቢሆንም መስማቱ ሌላ ነው። «እሺ፣ ማስተር።»

«ልጅቱ ጥሩ ናት። ጥሩ ያደረግሻት አንቺ ነሽ፤ ግን ባንድ ቦታ ብቻ ጥሩ ናት። ሰኔ ላይ ባሕር ዳር እመጣለሁ። ያኔ ልጆችሽን ሁሉ አያለሁ።» ኮታቸውን አሁን አወለቁ፤ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል። «ጠረጴዛውን የት እንደማስቀምጠው አልነግርሽም።»

«ማስተር፣ ከመጋቢት ጀምሮ ሐይቁ ዳር አንሰበሰብም። ባለማዕረግ ከሌለ አይቻልም ብለውናል።»

«ከሐይቁ ዳር ሌላ መሬት የላችሁም?» አሉ። ጥያቄ ይመስላል፤ አልነበረም።

በማግስቱ ሐይቁ ገና ሳይነሣሣ ተመለሱ። ሚስጥር አዲሱን ቀበቶ በሻርፕ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ ደስታዋ በመምህሯ ሐዘን ታስሯል። ሉባባ በዚያ ጉዞ ተቀምጣ ነበር። ገድሉ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያትና «ዛሬስ አሞሽ ነው?» አላት።

«እያሰብሁ ነው» አለችው። «የየኔታ ቅጥር ግቢ አለ። የአባቴ የሩዝ መጋዘን ደጃፍ አለ። የእናቴ የሸሪፋ ጓሮ አለ፤ ጠባብ ነው። አንዱን ቢከለክሉን ወደ ሌላው እንሄዳለን።»

«ልጆቹ ይንከራተታሉ» አለ ገድሉ።

«ይንከራተቱ።»

መሪጌታ «የኔ ግቢ ፀሐይ መውጫውን ነው የሚያይ» አሉ። «የአባትሽ ደጃፍ ደግሞ መግቢያውን።»

«ለዚሁ ነው የፈለግሁት፣ የኔታ።»

ልጆቹ የጀልባዋ ወሬ ደርሷቸው ሣሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁ፤ ጀልባ ስትገባ የሚያይ ልጅ መቼም አይጠፋም። እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አድርገዋል፤ ስለዚህ ሉባባ ከጀልባ ስትወርድ ሁሉም የሚያዩት እሷን ነበር። ሚስጥር ጥቁሩን አውጥታ አሳየቻቸው። ጩኸቱ ሲበርድ ከፊት መስመር ኡበይዳ «ሳቦም፣ አንችስ ተሾምሽ?» አላት።

«አልተሾምሁም። ሳቦም አትበሉኝ። እስከ ሰኔ ሉባባ በሉኝ።»

ልጆቹ ተያዩ። ሉባባ ቦርሳዋን ለሚስጥር ሰጠቻት፤ በዚያ ሣር ላይ የቀራቸው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚባክን የለውም።

«ለልምምድ ቁሙ» አለች። ቆሙ። «ዛሬ ሐይቅ የለም። ዋርካም የለም። ፊት ማለት እኔ ነኝ። ያለሁበትን እያያችሁ ዙሩ።»

«አንችስ የት ነው የምትቆሚ?» አለ ኡበይዳ።

«እኔ አልቆምም» አለች ሉባባ፤ እንደ ልማዷም በሣሩ ዙሪያ መመላለስ ጀመረች።